የባሮሎ ቀይ የወይን ጠጅና የስሙ ጠባቂዎች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)





የዛሬው ንግግሬ ርእስ በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ በፒየሞንት ምድር ስለሚጠመቀው ባሮሎ ስለ ተባለው ቀይ የወይን ጠጅና ስለ ትውልድ ስፍራው ነው። ርእሱን የሰማ አንድ የሥራ ወዳጄ «ላቦራቶሪውን ትተህ ጠጅ ቤት ልትከፍት አስበሃል እንዴ?» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱ የሚያስከፋ አይደለም፤ ነገር ግን የእኔ ዐላማ መጠጡን ለማወደስ አይደለም። ሁላችንም እንደምናውቀው የእኛ የምግብና የመጠጥ ጥራት መርማሪዎች ሥራ በመጨረሻው ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ይኸውም በዕቃው ላይ የተጻፈው ስምና በዕቃው ውስጥ ያለው ነገር አንድ መሆናቸውን በፊርማችን ማረጋገጥ ነው። በዚህ ረገድ ባሮሎ ብዙ የሚያስተምረን ስለ ሆነ፣ በመልካምም በክፉም ያለፈበትን መንገድ ባጭሩ ላስረዳ እሞክራለሁ። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

ምድሩና ሐረጉ

በፒየሞንት፣ በኩኔዮ አውራጃ ውስጥ፣ በታናሮ ወንዝ ዳር አልባ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ከእርሷ በስተደቡብ ላንጌ የተባሉት ኮረብቶች እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ እየተጣጠፉ ይዘረጋሉ። ባሮሎ በእነዚህ ኮረብቶች መካከል ያለች የአንዲት ትንሽ መንደር ስም ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠራው የወይን ጠጅ በመንደሯ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ሕጉ የፈቀደላቸው 11 ወረዳዎች አሉ። ከእነርሱም ባሮሎ፣ ካስቲልዮኔ ፋሌቶና ሴራሉንጋ ዳልባ በሙሉ፣ ላ ሞራ፣ ሞንፎርቴ ዳልባ፣ ኖቬሎ፣ ቬርዱኖ፣ ግሪንዛኔ ካቩር፣ ዲያኖ ዳልባ፣ ኬራስኮና ሮዲ ደግሞ በከፊል በክልሉ ውስጥ ይገኛሉ። የወይኑ እርሻ በጠቅላላው ከ2,000 ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በአንዳንድ የአገራችን ሸለቆዎች አንድ የሸንኮራ አገዳ ወይም የጥጥ እርሻ ብቻውን ከዚህ የበለጠ መሬት ይይዛል። የዓለም ገበያ የሚሻማበት ስም ያረፈበት መሬት ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌላ ወይን ሊቀላቀልበት በሕግ አይፈቀድም። የኔቢዮሎ ስም «ጭጋግ» ከሚለው የኢጣሊያንኛ ቃል ጋር ይያያዛል። አንዳንዶች ይህ የሆነው ወይኑ በሚለቀምበት በመጸው ወራት ኮረብቶቹን ጭጋግ ስለሚሸፍናቸው ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ በፍሬው ቆዳ ላይ እንደ ጉም ከሚታየው ነጭ ብናኝ የተነሣ ነው ይላሉ። የወይኑ ጠባይ አስቸጋሪ ነው። ከብዙዎቹ የወይን ዓይነቶች ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ የጸደይ ውርጭ ያሰጋዋል። ከብዙዎቹም ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ የመጸው ዝናብና በረዶ ያስፈራዋል። በደጋ አገር ገብስ የዘራ ገበሬ ሰማዩን እያየ እንደሚጨነቅ፣ የላንጌም ገበሬ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሲጨነቅ ይከርማል።

ከዚህ የተነሣ ኔቢዮሎ በማንኛውም መሬት አይተከልም። ደንቡ እንደሚያዘው እርሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ170 ሜትር ያላነሰ፣ ከ540 ሜትርም ያልበለጠ ኮረብታ ላይ መሆን አለበት። የሸለቆ ወለል፣ ሜዳና እርጥበት የሚያቁር ቦታ አይፈቀድም። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ተዳፋትም እንዲሁ ከክልሉ ውጭ ነው፤ የሰሜን ንፍቅ ክበብ ፀሓይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ፊቱን ከእርሷ ያዞረ ተዳፋት ኔቢዮሎን ሊያበስል አይችልም። እንግዲህ ወሰኑ የተሰመረው በባለ ርስቶች ምኞት ሳይሆን በፀሓይና በአፈር ነው ማለት ይቻላል።

አፈሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ምድሪቱ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ስለ ነበረች፣ አፈሯ ኖራ ያዘለ ሸክላማ ጭቃ ነው። በምዕራብ በኩል፣ በላ ሞራና በባሮሎ አካባቢ፣ ሰማያዊና ግራጫ መልክ ያለው ለስላሳ አፈር ይበዛል፤ ከዚያ የሚገኘው ጠጅ መዓዛው የጎላ፣ ጠባዩም ፈጥኖ የሚገራ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ በሴራሉንጋና በሞንፎርቴ፣ አሸዋማ ድንጋይ የተቀላቀለበት ጠንካራ አፈር አለ፤ የዚያ ጠጅ ኃይለኛና ብዙ ዓመት መቆየት የሚሻ ነው። ገበሬዎቹ ይህን ልዩነት በልምድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ2010 ደግሞ በክልሉ ውስጥ ያሉት የታወቁ የኮረብታ ስሞች፣ ለምሳሌ ካኑቢና ብሩናቴ፣ በይፋ ተመዝግበው ወሰናቸው በካርታ ላይ ተሰምሯል።

አጠማመቁና ቁጥጥሩ

የባሮሎ ጠጅ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ እንደ ብዙዎቹ ታላላቅ ቀይ ጠጆች ጥቁር አይደለም። መልኩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ወደ ጡብ መልክ ያደላል። መልኩን ያየ ሰው ደካማ መስሎት ይጎነጭና ይደነግጣል፤ ምክንያቱም ኔቢዮሎ ከፍ ያለ አሲድና ብዙ ጣኒን ያለው ወይን ነው። ጣኒን ማለት ከሻይ ቅጠልም የሚገኝ፣ ሻይ ሲበዛበት ምላስን የሚይዘውና ድድን የሚያደርቀው ነገር ነው፤ ቆዳ ፋቂዎችም ቆዳ ለማልፋት ከዛፍ ልጣጭ የሚያወጡት የዚሁ ዘመድ ነው። ይህ ጣኒን በወጣትነቱ ጠጁን ሻካራ ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል ግን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እንዲቆይ የሚያስችለው እርሱ ነው። ሻካራነቱ ሲበርድ የጽጌ ረዳ፣ የቼሪ ፍሬና የሬንጅ መዓዛ ይወጣዋል ይባላል።

አጠማመቁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዘለላው በእጅ ተለቅሞ፣ ፍሬው ከእንጨቱ ተለይቶና ተጨፍልቆ፣ ጭማቂው ከነቆዳውና ከነፍሬው ይብላላል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ፣ ቀለሙና ጣኒኑ ከቆዳው ይወጣሉ። በቀድሞው ልማድ ጭማቂው ከቆዳው ጋር ለአንድ ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ለሁለት ወር ይቆይ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ባክቴሪያዎች ኃይለኛውን የማሊክ አሲድ ወደ ለዘብተኛው የላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ከዚያም ጠጁ ኦክ ከተባለው ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በአሁኑ ደንብ ባሮሎ ተብሎ ለገበያ ለመውጣት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 18ቱ ወር በእንጨት ውስጥ ነው። «ሪዜርቫ» የተባለው ደግሞ 62 ወር ይቆያል። የአልኮሉ መጠን ከ13 በመቶ ማነስ የለበትም። ከአንድ ሄክታርም ከ80 ኩንታል ወይን በላይ ማምረት አይፈቀድም፤ በሐረጉ ላይ ፍሬ ሲበዛ ጥራቱ ይቀንሳልና።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ምንም ዋጋ ባልነበረው። እያንዳንዱ ጠጅ ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ከዚያም በዐዋቂዎች ጉባኤ ይቀመሳል። ያለፈውን ጠርሙስ አንገቱን የሚያስረው የመንግሥት ወረቀት የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚሰጠው በእርሻው ስፋትና በተመዘገበው ምርት ልክ ስለ ሆነ፣ ከሜዳ የተገዛ ርካሽ ጠጅ በባሮሎ ስም ልሽጥ የሚል ሰው ወረቀት ያጥረዋል።

ስሙ የተገኘበት መንገድ

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህ ስም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ18ኛው ምዕት ዓመትና በ19ኛው መጀመሪያ የላንጌ ቀይ ጠጅ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭነት የቀረበትና በቀላሉ የሚበላሽ ነበር። ወይኑ ዘግይቶ ስለሚለቀም፣ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ሳይለወጥ የኅዳር ብርድ ይደርስና ብላቱን ያቆመዋል። በጸደይ ሙቀት ሲመለስ እንደ ገና ይነሣል፤ በርሜሉንም ያናውጣል። በመንገድ ሲጓጓዝ የሚበላሽ ጠጅ ደግሞ ከአውራጃው ውጭ ሊታወቅ አይችልም።

ይህን ካሻሻሉት ሰዎች መካከል ሦስት ስሞች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በ1835 ስለ ጠጅ አጠማመቅና አያያዝ መመሪያ ያሳተመው ጄኔራል ፓኦሎ ፍራንቼስኮ ስታሊዬኖ ነው። ሁለተኛው ከ1832 እስከ 1849 የግሪንዛኔ ከንቲባ የነበረውና በኋላ ኢጣሊያን አንድ በማድረግ ሥራ ስሙ የገነነው ካሚሎ ካቩር ነው፤ በርስቱ ላይ የስታሊዬኖን ዘዴ አስሞክሯል። ሦስተኛዋ ከፈረንሳይ አገር የመጣችውና የባሮሎ የመጨረሻዋ ባላባት የነበረችው ጁልያ ኮልበርት ፋሌቲ ናት። ከ1786 እስከ 1864 የኖረችው ይህች ሴት በቱሪን ለእስረኛ ሴቶችና ለድኾች ባደረገችው በጎ ሥራ ትታወቃለች። ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ ስለ ጠጅዋ በጠየቃት ጊዜ፣ ከጾመ ዐርባው በቀር ለዓመቱ ቀናት ሁሉ አንድ አንድ፣ በድምሩ 325 የጋሪ ሸክም ሰደደችለት የሚል ተረት በአገሩ ይነገራል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ጠጁ በዚያ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት መግባቱን ያመለክታል። የማብላላቱን ዘዴ ያስተካከለው ሉዊ ኡዳር የተባለ ፈረንሳዊ ነው የሚለው አስተያየት ለብዙ ጊዜ ሲደገም ኖሯል፤ የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች ግን ለስታሊዬኖ የበለጠውን ድርሻ ይሰጣሉ።

ለእኛ ለባለሙያዎች ከባላባቶቹ ይልቅ ትኩረት የሚሻው በ1881 በአልባ ከተማ የተቋቋመው የወይን እርሻና የጠጅ አጠማመቅ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ዶሚዚዮ ካቫዛ በ1894 የጎረቤቱን የባርባሬስኮን ገበሬዎች አስተባብሮ የኅብረት መጥመቂያ አቋቁሟል። በ1934 የባሮሎና የባርባሬስኮ አምራቾች ስማቸውን የሚጠብቅ ማኅበር መሠረቱ። መንግሥት በ1963 የትውልድ ስፍራ ስምን የሚጠብቅ ሕግ ካወጣ በኋላ፣ ባሮሎ በ1966 ቁጥጥር የሚደረግበት፣ በ1980 ደግሞ ቁጥጥርና ዋስትና ያለው የሚለውን ከፍተኛ ማዕርግ አገኘ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ማዕርጉ ድረስ መቶ ዓመት ያህል እንደ ወሰደ አስተውሉ።

በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ገበሬው ሀብታም ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። የላንጌ ኮረብቶች የችጋር አገር ነበሩ። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ሐረጉን አደረቀው፤ በረዶ ዘለላውን መታው፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች ወጣቱን ወሰዱት። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የቱሪን የአውቶሞቢል ፋብሪካና በአልባ የተከፈተው የጣፋጭ ፋብሪካ የቀረውን ጉልበት ሳቡት። ቤፔ ፌኖልዮ በ1954 ባሳተመው «ላ ማሎራ» በተሰኘ ልብ ወለድ የዚህን ምድር ገበሬ ጉስቁልና ተርኳል። ኑቶ ሬቬሊም በ1977 ከኩኔዮ ገበሬዎች አንደበት የሰበሰበውን ምስክርነት «የተሸናፊዎች ዓለም» በሚል ስም አሳትሟል። ያኔ ታላቅ ስም ያለው ጠጅ ነበር፤ የሐረጉ ባለቤት ግን ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነበር።

በአባትና በልጅ መካከል

በ1980ዎቹ ዓመታት በባሮሎ መንደሮች ብርቱ ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ አምራቾች «የአባቶቻችን ጠጅ ለመለስለስ ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ የሚገዛን የለም» በማለት፣ ብላቱን ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠሩ፤ በታላላቆቹ አሮጌ በርሜሎች ፈንታም 225 ሊትር የሚይዙ አዳዲስ የፈረንሳይ በርሜሎች አስገቡ። ከእነርሱ አንዱ ኤልዮ አልታሬ በ1983 የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው፤ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። በሌላው ወገን የቆመው ባርቶሎ ማስካሬሎ እስከ ሞተበት እስከ 2005 ድረስ የትናንሽ በርሜሎችን ልማድ ሲቃወም ኖረ።

ዛሬ ክርክሩ በርዷል። ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን መልካሙን ወስደዋል። የወጣቶቹ የንጽሕና ጥንቃቄና የምርት ቅነሳ ለሁሉም ጠቅሟል፤ የአባቶች ረጅም ብላትና ታላላቅ በርሜሎችም ተመልሰው መጥተዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በአንድ ወሰን ውስጥ፣ በአንድ ወይን ላይ፣ በግልጽ መሆኑ ነው። ማንም ማንንም አላታለለም። ጠጁ የማይጥመው ገዢ ሌላውን የመግዛት ነፃነት ነበረው። አሁን የምናገረው ግን የማታለልን ጉዳይ ነው።

የ1986 መከራ

በመጋቢት 1986 በሰሜን ኢጣሊያ ርካሽ የገበታ ጠጅ የጠጡ ሰዎች በድንገት ይታመሙ ጀመር። ምርመራው እንዳሳየው፣ አንዳንድ ነጋዴዎች የደከመ ጠጅ የአልኮል መጠኑ ከፍ ያለ እንዲመስል ሜታኖል፣ ማለትም ለኢንዱስትሪ የሚያገለግለውን የእንጨት አልኮል፣ ጨምረውበት ነበር። ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎች የዓይናቸውን ብርሃን አጡ።

የነገሩን ኬሚስትሪ ለዚህ ጉባኤ በዝርዝር ማስረዳት አያሻም። ሜታኖል በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ይኸው አሲድ ነው። በማንኛውም ንጹሕ የወይን ጠጅ ውስጥ ከፍሬው ቆዳ ፔክቲን የሚመጣ ጥቂት ሜታኖል ይገኛል። ዓለም አቀፉ የወይንና የጠጅ ድርጅት ለቀይ ጠጅ የወሰነው ጣራ በሊትር 400 ሚሊግራም ነው። በተመረዙት ጠጆች ውስጥ የተገኘው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ይህንን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለይቶ ማወቅ ለአንድ መካከለኛ ላቦራቶሪ የአንድ ቀን ሥራ አይሆንም ነበር። ችግሩ የመሣሪያ እጦት አልነበረም፤ ርካሹን ጠጅ የሚመረምረው ሰው አልነበረም።

የተመረዘው ጠጅ ባሮሎ አልነበረም። ነገር ግን ከተከሰሱት ነጋዴዎች ዋነኛው የሚሠራበት መንደር ከባሮሎ ኮረብቶች እምብዛም የማይርቅ፣ በዚያው በኩኔዮ አውራጃ ውስጥ ያለ ነበር። የውጭ አገር ገዢ ደግሞ የመንደር ወሰን አይለይም፤ «የፒየሞንት ጠጅ» የሚለውን ብቻ ያያል። ድንበሮች ተዘጉ፤ የኢጣሊያ ጠጅ ሽያጭ በዚያ ዓመት በብርቱ ወደቀ። ለአምስት ትውልድ ሐረጉን የገረዘ ገበሬ፣ ፊቱን አይቶት በማያውቀው ሰው ኃጢአት ተቀጣ።

ከዚህ በኋላ የተወሰደው እርምጃ የሚያስመሰግን ነው። መንግሥት በዚያው በ1986 የምግብና የመጠጥ ማጭበርበርን የሚከላከል ማዕከላዊ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ1992 የትውልድ ስፍራ ስም ሕግ እንደ ገና ተሻሽሎ ወጣ። ብዙ አምራቾችም በመጠን ፈንታ ጥራትን መከተል እንደሚበጃቸው ተረዱ። ባሮሎ ዛሬ የደረሰበት ክብር በከፊል የተሠራው በዚያ መከራ ፍርሃት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የራሴ ምስክርነት

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ይህን ታሪክ ላነብብ ስቀመጥ ያሳሰበኝ የኢጣሊያ ነገር ብቻ አልነበረም።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚላክ ማር እመረምር ነበር። አንድ ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ በንጹሕ ብልቃጥ ናሙና ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መኪናው ተጭኖ ቆሟል። እናንተን ላለማድከም ናሙናውን ራሴ ይዤ መጥቻለሁ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ደንቡ ናሙናውን ከበርሜሉ እኔ ራሴ እንድቀዳ ነው» ማለት ይገባኝ ነበር። ሽበታቸውን አፍሬ ዝም አልሁ። በብልቃጡ ውስጥ የነበረው ማር እንከን አልነበረውም፤ የምርመራው ውጤትም ትክክል ነበር። ፈረምሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። የገዢው ላቦራቶሪ ስኳር የተጨመረበት መሆኑን አረጋግጦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያ ገዢ የዚያን ወረዳ ስም የያዘ ማር አልቀበልም አለ። አንድ አረጋዊ ንብ አናቢ ከወረዳው ድረስ በእግርና በመኪና መጥተው ቢሮዬ ገቡና፣ «ጌታው፣ እኔ በቀፎዬ ስኳር ጨምሬ አላውቅም፤ ጎረቤቴም አላደረገም። ታዲያ የአገራችን ማር ምን ሆነ ተብሎ ተመለሰ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ስሕተቱ የእናንተ አይደለም» ብዬ መለስሁላቸው። የማን እንደ ሆነ ግን አልነገርኋቸውም። እነሆ ዛሬ በእናንተ ፊት እናገራለሁ፤ ስሕተቱ ከነጋዴው ቀጥሎ የእኔ ነበር። የመረመርሁት ማር ሌላ፣ የፈረምሁበት ማር ሌላ ነበር።

ከባሮሎ የምንማረው

ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቱን ታስታውሳላችሁ። በሁለቱ ስሞች ላይ ተቃውሞ ቀርቦ ነበር፤ ይሁንና በ2007 ከአንድ ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የንግድ ምልክት ስሙ የማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ቡና ከየትኛው ተዳፋት እንደ ተለቀመ በራሱ አይመሰክርም። ያንን የሚመሰክሩት ወሰን፣ መዝገብና መርማሪ ናቸው። ባሮሎ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ የስም ወሰን የሚሰመረው ስሙን በሚፈልጉት ሰዎች ብዛት ሳይሆን ጥራቱን በሚሰጠው አፈር፣ ከፍታና ፀሓይ ነው። ወሰኑ አንዴ ከላላ፣ ስሙ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ቁጥጥር ውድ ለሆነው ዕቃ ብቻ መደረግ የለበትም። በ1986 ሰው የገደለው የድኻ ጠጅ ነበር። እኛም ለውጭ ገበያ የሚሄደውን ብቻ እየመረመርን፣ የአገራችን ሕዝብ የሚበላውን በርበሬና ቅቤ ችላ ካልን፣ ያው ስሕተት ይደገማል።

ሦስተኛ፣ የስሙ ጥቅም ሐረጉን እስከሚገርዘው እጅ ድረስ መውረድ አለበት። በዚህ ረገድ ባሮሎ ራሱ ገና ፈተናውን አልጨረሰም። የላንጌ የወይን ምድር ከሮኤሮና ከሞንፌራቶ ጋር በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ የአንድ ሄክታር ባሮሎ ዋጋም ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙውን የእርሻ ሥራ የሚሠሩት ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞች ናቸው። በ2024 በአልባ አካባቢ በተደረገ የፖሊስ ምርመራ፣ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል በደላሎች እጅ ወድቀው ጉልበታቸው የተበዘበዘና የተደበደቡ መኖራቸው ተገልጿል። የቀድሞው የላንጌ ድኻ ቦታ በሌላ ድኻ ተተክቷል ማለት ነው። አሲድንና አልኮልን የሚለካ መሣሪያ ይህን ሊለካ አይችልም፤ ስለዚህ ስምን የሚጠብቅ ሕግ ሰውንም የሚጠብቅ መሆን ይገባዋል።

ክቡራንና ክቡራት፣

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ማኅበራችን የናሙና አወሳሰድን የሚመለከት አጭር መመሪያ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ለአባላቱ ሁሉ ያድል። በመመሪያውም መጀመሪያ ላይ፣ ማንም አባል ራሱ ባልቀዳው ወይም በሕጋዊ ማኅተም ታሽጎ ባልደረሰው ናሙና ላይ የጥራት ማረጋገጫ እንዳይፈርም ይደንገግ። ወጣት ባልደረቦቻችን በዕድሜ የገፋ፣ በሥልጣን የከበደ ወይም የቸኮለ ሰው በፊታቸው ሲቆም፣ «ጋሼ፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም» ለማለት ከኋላቸው የማኅበራቸው ድጋፍ እንዳለ ይወቁ። እኔ ያን ቀን ያጣሁት ይህንን ነበር።

ሐሳቡን ተወያይታችሁበት እንደምትወስኑ ተስፋ አደርጋለሁ።